ስሟን ሳትይዙ አትውጡ

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። የጣናን ነፋስ ትታችሁ እዚህ ጠባብ አዳራሽ ስለገባችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው በትንሽ ብር፣ በብዙ ጉድለት በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ስለሚያበሩ፣ ስማቸውን ስለማናውቃቸው ተዋናይቶች ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ፊልም አየሁ። ድምፁ ይቆራረጣል። ታሪኩ መሐል ላይ ይጠፋል። ብዙው ሰው ሳያልቅ ወጣ። እኔን ያስቀረኝ አንድ ትዕይንት ነው። እናት ቡና እየቆላች ስልክ ይደወላል። የልጇን ሞት ይነግሯታል።

እናንተም ታውቃላችሁ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። ደራሲው ተሳስቷል። እሷ ግን ስህተቱን እውነት አደረገችው። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም። ሽማግሌ ስላልመጣ ወሬውን አላመነችውም! ስልኩን አስቀምጣ መቁላቷን ቀጠለች። ቀስ በቀስ እጇ ፈዘዘ። ቡናው አረረ። ጭሱ ፊቷን ሲሸፍነው እንኳ ምጣዱን አላወረደችም። በሩን ነበር የምታየው።

ፖስተሩ ላይ ስሟ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ስሞች ማለፍ ሲጀምሩ መብራት በራ፣ ፊልሙም ተቋረጠ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የታወቁ ፊልሞችም ጉድለታቸውን የምትሸፍን ተዋናይት አላቸው። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ለእኔ አንዳንድ ቦታ ላይ፣ በተለይ ስለ ሕግ ሲወራ፣ ትምህርት መስጠት ያበዛል። ተዋናይቷ ትዝታ ሐገሬ ስትመጣ ግን ትምህርቱ ይረሳል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችውን ልጅ ነው የምትጫወተው። ፊቷን ሳይ ስለ ሕግ አላስብም፣ ስለ እሷ እፈራለሁ።

በ2007 ዓ.ም. ፈረንሳይ ካን ፊልም ፌስቲቫል የደረሰው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ የአንድ ልጅና የበግ ግልገሉ ታሪክ ነው። ቀስ ይላል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ቅድስት ስዩም የተጫወተቻት ጽዮን ግን ባል ሳይሆን ንባብ የምትመርጥ ልጅ ናት። ታሪኩ የእሷ አይደለም፤ እኔ ግን የእሷን መጨረሻ ነው ለማወቅ የጓጓሁት።

ብር ሲያጥር ልምምድ ያጥራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ ስላለበት ድጋሚ አይቀረጽም። ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ካሜራው ፊት በቆመችው ላይ ነው። ስለዚህ «ፊልሙ አይረባም» ስንል እሷን አብረን አንጣላት። ፊልም የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ስሟን ፖስተሩ ላይ አድርጉ። በሚነበብ ፊደል።

አሁን የምናየው ፊልምም ድምፁ ደካማ ነው፣ ታገሱት። መብራቱ ጋ የተቀመጠውን ወንድሜን ለምኜዋለሁ፤ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ አያበራም።