የኮሶው ራስ ወጣ ወይ?

የተከበራችሁ የባህል ሕክምና አዋቂዎች፣ የፋርማሲ ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የማነሣው የኮሶ ትልን ለማስወጣት የምንጠጣውን የኮሶ አበባ በጥናት እንዴት እንደምንፈትነው ነው።

አያቴ ኮሶ የሚጠጡት ማለዳ፣ እህል ሳይቀምሱ ነበር። የተወቀጠውን አበባ በውሃ በጥብጠው፣ አፍንጫቸውን ይዘው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል። ቀትር ሳይሆን «ወጣልኝ፣ ተመስገን!» ይላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ዋንጫ ይመጣል።

አያቴ ያዩት እውነት ነው፤ ትሉ ወጥቷል። የወጣው ግን አንጓው፣ ማለትም ከትሉ አካል የተቆራረጠው ነው። ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ኮሶን የሚፈትን ጥናት በማግሥቱ ውጤት ቢጽፍ ራሱን ያታልላል። ሦስት ወር ጠብቆ ሰገራ መመርመር አለበት። በዚህ መሀል ጥሬ ሥጋ የበላ ካለ ደግሞ አዲሱ የኮሶ ትል ከአሮጌው አይለይም፤ ቁርጥ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ልመና እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ከምን ጋር እናወዳድረው?» የሚለው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንደኛው ቡድን በአኩፓንክቸር፣ ማለትም በተወሰኑ የሰውነት ቦታዎች ላይ ቀጭን መርፌ በሚወጋ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሥርዓት ተወጋ። ሁለተኛው ሥርዓቱ ከማያዛቸው ቦታዎች ላይ፣ ላይ ላዩን ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 47.6፣ 44.2 እና 27.4 በመቶ ነበሩ። መካከለኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ ፈውሱን ሁሉ ለመርፌው ቦታ እንሰጠው ነበር።

ለኮሶ እንዲህ ያለ አስመሳይ፣ መድኃኒቱን የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር፣ ከየት ይገኛል? ምሬቱን የማያውቅ አበሻ የለም። ደግሞም ፕራዚኳንቴል የሚባለው ዘመናዊ የትል መድኃኒት እያለ የኮሶ ትል ለያዘው ሰው ባዶ ነገር መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ በዕጣ ግማሹ ኮሶ፣ ግማሹ ፕራዚኳንቴል ይውሰድ። ታካሚው የወሰደውን ማወቁ አይቀርም፤ ሰገራውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ግን ማን ምን እንደወሰደ ፈጽሞ እንዳያውቅ። ኮሶ ዓይን ይጎዳል የሚል የቆየ ሥጋት ስላለም የሁሉም ዓይን በፊትም በኋላም ይመርመር።

የቀረው ያለ እናንተ አይሆንም፣ አዋቂዎቻችን። ሴቴውን የኮሶ ዛፍ ከወንዴው የምትለዩት፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ለደካማና ለጠንካራ ሰው ምን ያህል እንደሚበቃ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዕውቀቱ የእናንተ መሆኑ ጥናቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር። ጥናቱን የምንሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ በተገመተ መጠን ከሆነና ኮሶው ካልሠራ፣ የወደቀው የእናንተ መድኃኒት ሳይሆን የእኛ ግምት ነው።

ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ የምትሰፍሩበትን ዋንጫ ይዛችሁልን ኑ። ሚዛኑን እኛ እናመጣለን። የምትሰፍሩትን ፊታችሁ መዝነን፣ ግራሙን አብረን እንጽፋለን።

እግዜር ይስጥልኝ።