ሃያ ሦስት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የአጎቴ የፍርድ ቤት ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ዛሬም አልደረሰም፤ የምትጠብቁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሃያ ሦስት።

ጎልዲያን ፊንች የሚባሉትን ትናንሽ የአውስትራሊያ ወፎች ለማየት መሄዴን ታውቃላችሁ። ከመሄዴ በፊት ስለ ሌላ ነገር አላወራሁም፤ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ስማቸውን አላነሳሁም። «ወፎቹስ?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ሳላያቸው የተመለስኩ መስሏችሁ ያጽናናችሁኝም አላችሁ። አይቻቸዋለሁ። እንዲያውም ያስቸገረኝ ማየቴ ነው፤ ወይም አስተያየቴ... ቆይ፣ ከኩሬው ልጀምር።

በሰሜን አውስትራሊያ፣ ፓይን ክሪክ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከዳርዊን ወደ ደቡብ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ጊዜው ጳጉሜን ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ልብሳቸውን ጥለው የሚሯሯጡበት ሳምንት፣ እዚያ ሰማዩ ለወራት ጠብ ያላደረገበት የደረቁ ወቅት ማብቂያ ነው። ጎልዲያን ፊንች ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ አይውልም። ስለዚህ ምንጩ ሁሉ ነጥፎ ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ወፎቹን ዱር ለዱር ከመፈለግ ኩሬ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ወፎቹን ለመቁጠር ለሚመጣ ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ አንድ ኩሬ ይሰጠዋል። ታጣፊ ወንበር፣ የርቀት መነጽር፣ እርሳስ፣ አንድ ገጽ ቅጽ። ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ንቅንቅ ማለት የለም።

ቅጹ ላይ ጥቁር ራስ፣ ቀይ ራስ፣ ቢጫ ራስ የሚሉ ዓምዶች አሉ። ሦስቱም አንድ ወፍ ናቸው፤ የራሳቸው ቀለም ብቻ ነው የሚለያየው። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁር ራስ ናቸው፤ ቢጫ ራሱን ዕድሜውን ሙሉ ቆጥሮ የማያይ ሰው አለ። የመጨረሻው ዓምድ «የዘንድሮ ልጆች» የሚል ነው።

አስተባባሪያችን ፀጉራቸው የነጣ እናት ናቸው። በዋዜማው ምሽት አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውናል። «ቀለሙ አያታልላችሁ፤ እሱስ ራሱ ይታያችኋል። ግራጫዎቹን ቁጠሩልኝ።» የዘንድሮ ልጅ ያ ሁሉ ቀለም ገና አልወጣለትም። ራሱ ግራጫ፣ ጀርባው የደበዘዘ አረንጓዴ ነው፤ ከደረቀ ሣር አይለይም። በዓመቱ መራባታቸውን የሚናገሩት ግን እነዚህ ናቸው። አዋቂዎቹ ቢበዙ ያለፈው ዓመት ወሬ ነው። ይህን ሁሉ ነግረውኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ። መጀመሪያ ረጅም ጭራ ያላቸው ሌሎች ፊንቾች፣ ቀጥሎ የእኛዎቹ። አንድ ቀይ ራስ ከኩሬው በላይ ባለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፤ ፀሐይዋ ልክ እሱ ላይ ወጣች። ክብደቱ 15 ግራም ገደማ ነው። ደረቱ ሐምራዊ፣ ሆዱ የአስኳል ቢጫ፣ ጀርባው አረንጓዴ። ቀዩን ፊቱን ጥቁር መስመር ከብቦታል፤ ከጥቁሩ ቀጥሎ ደግሞ ቀጭን የሰማያዊ ክር አለ። በጥሩ እጅ የተጠለፈ ጥልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ክር በሌላው ውስጥ አይገባም። እንደዚያ ነው። መነጽሩን ከዓይኔ አላነሳሁም። ራሱን ዞር ሲያደርግ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከሥሩ፣ ከውኃው ዳር፣ ጭቃው ይንቀሳቀስ ነበር። ይህ ነው እየተመላለሰ የሚመጣብኝ። የጭቃውን መንቀሳቀስ በዓይኔ ጠርዝ አይቻለሁ። ግራጫዎቹ እንደሆኑም አውቄያለሁ። ሊጠጡ የወረዱ፣ የሚጋፉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚረግጡ ልጆች። «አሁን እቆጥራቸዋለሁ» አልኩ በልቤ። አሁን፣ ይቺን ብቻ ልይና... ከዚያ ጭልፊት አለፈ። ክንፍ ብቻ ተሰማ፤ ባዶ ኩሬ ቀረ።

እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልተመለሱም።

እርሳሱን አነሳሁ። በጥቁር ራስ 8 ጻፍኩ፤ ትክክል ነው። በቀይ ራስ 3 ጻፍኩ፤ እሱም ትክክል ነው። የመጨረሻው ዓምድ ላይ እጄ ቆመ። ባዶ መተው እችል ነበር። «አልቆጠርኩም» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ቦታ አለው። መጀመሪያ 20 ልል ነበር። 20 ብል ግምት መሆኑ ይታወቃል አልኩና 23 ብዬ ጻፍኩ። 23 የተቆጠረ ይመስላል። አያችሁ፣ ተሳስቼ አይደለም። አስቤበታለሁ። ለዚያች ለሦስቷ አስቤበታለሁ።

ቅጹን ሳስረክብ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «ሃያ ሦስት!» አሉ። ቀና ብለው አዩኝና በለሰለሰ ድምፅ ደገሙት። «ሃያ ሦስት። ዘንድሮ ወልደዋላ።» ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። እኔም... ፈገግ አልኩ። ፈገግ ነው ያልኩት።

ልጅ ሆኜ ማሽላ እጠብቅ እንደነበር ነግሬአችኋለሁ። ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ ይዤ፣ ግሪሳ ሲመጣ እየጮኽኩ። ያኔ ማን ወፍ ይቆጥራል? ግሪሳ እንደ ጭስ ነው የሚመጣው። እነዚህም ኑሯቸው ማሽላ ነው፤ እዚያ ሰው ሳይዘራው የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የዱር ማሽላ አለ። በደረቁ ወቅት መሬት ላይ የረገፈውን ፍሬ እየለቀሙ ይኖራሉ። ክፉው ጊዜ የሚመጣው ዝናብ ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ ያ ሁሉ ፍሬ በአንድ ጊዜ ይበቅላል፤ የበቀለ ፍሬ ደግሞ አይበላም። ሌሎቹ ሣሮች እስኪያፈሩ ድረስ፣ ምድሩ አረንጓዴ ለብሶ እነሱ ይራባሉ። ይህን ስሰማ እናቴ ክረምት ሲገባ ጎተራውን የምታይበት ዓይን ነው የታወሰኝ።

እሳቱ ደግሞ አለ። በደረቁ ወቅት መጀመሪያ፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለው፣ የምድሩ ነባር ሕዝቦች እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ያቃጥላሉ፤ አንዱ ቦታ ሲቃጠል ሌላው ይተርፋል። ያ ሥርዓት በላላበት ቦታ የሚነሣው የወቅቱ ማብቂያ እሳት ግን አገር ምድሩን ይጠርጋል፤ ሣሩንም፣ የሚፈለፈሉበትን የዛፍ ጉድጓድም። የሚፈለፈሉት በባሕር ዛፍ ውስጥ ነው፤ አገሩ ነውና። ጫጩቶቹ አፋቸው ጥግ ላይ ዶቃ የመሰሉ ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሏቸው፤ የምትገባውን ጥቂት ብርሃን መልሰው ያንጸባርቃሉ፤ ወላጅ በጨለማ የልጁን አፍ እንዲያገኝ ይረዳዋል ይባላል። ወላጆቻቸው በጨለማ የሚያገኟቸውን እኔ በጠራራ ፀሐይ...

ተዉት። ስሙን ልንገራችሁ። ጎልዲያን ያለው እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ጆን ጉልድ ነው፣ በፈረንጆች 1844፣ ለሚስቱ መታሰቢያ። ኤልዛቤት ጉልድ የመጽሐፎቹን ሥዕሎች በብዛት የሠራችው እሷ ነበረች። ስምንተኛ ልጇን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ በ1841 አረፈች፤ ገና 37 ዓመቷ ነበር። ይህን ለምን እንዳነሳሁት እንጃ። ምናልባት እሷ ስታይ ላባ በላባ ቆጥራ ስለነበረ ይሆናል። ወፍ የሚሥል ሰው 20ን 23 አያደርግም።

አንድ ኩሬ ነው፣ አንድ ጠዋት ነው እላለሁ አንዳንዴ። ምን ይጎዳል? ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ በዱር የቀሩት አዋቂዎች ከ2,500 አይበልጡም የሚለው። ያንን ስሰማ ሁልጊዜ ከላይ የወረደ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁጥር የሚመጣው ከኩሬ ዳር ነው፤ ከታጣፊ ወንበርና ከእርሳስ። የአውስትራሊያ መንግሥት ዛሬም ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝግቧቸዋል። የኔ 23 የሚገባው እዚያ ድምር ውስጥ ነው። ዘንድሮ ወልደዋል ብሎ የሚናገር ቁጥር። ምናልባትም ወልደዋል። ምናልባት 40 ነበሩ። ምናልባት 12።

በዓለም ላይ ስንት ቤት በሽቦ ቤት ተዘግተው እንደሚዘምሩም አስባለሁ። አውስትራሊያ ወፎቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክን የከለከለችው በፈረንጆች 1960 ነው፤ ከዚያ በፊት የወጡት ግን ተራብተዋል። ያጠመዷቸው ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለት ይቀለኝ ነበር። አሁን እንጃ። እነሱም ያንን ቀይ ራስ ነው ያዩት፤ እኔ ባየሁበት ዓይን።

ለሴትዮዋ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። ሁለት ወር ሆነው፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው፣ አልተላከም። «የመጨረሻውን ዓምድ በተመለከተ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። በአንዱ ጭልፊቱን ጥፋተኛ አድርጌዋለሁ፤ እሱን አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ማታ ልልከው ብዬ ነበር መቅረጽ የጀመርኩት፤ ለእናንተ ከተናገርኩ ወደኋላ አልልም ብዬ። አሁን ግን ያ ፊታቸው... ጣታቸውን መስመሩ ላይ እየጎተቱ...

ይሰማችኋል? ጣሪያው ነው። ከሰዓት በኋላ ሲጉረመረም ነበር፤ የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። እዚያም እየዘነበ ከሆነ ማሽላው ነገ ከነገ ወዲያ ይበቅላል። እነዚያ ግራጫዎቹ ይህን ጊዜ ቀለማቸው ጀምሯቸዋል፤ ደረታቸው ላይ ጠቃ ጠቃ እያለ። ስንትም ይሁኑ፣ ነገ ጠዋት ፍሬ ፍለጋ...

ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋ።