የሐርላ ገል የማን ነው?

[ምስል፦ መዳፍ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ስባሪ፣ በቅርበት]

ይቺን ገል እዩልኝ። ከቡና ስኒ አፍ አትበልጥም። ውጭዋን ጥላሸት አጥቁሮታል። ውስጧ ቡናማ ነው። ወደ ብርሃን ዘንበል ሳደርጋት ውስጧ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። የጣት ዱካ ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው እርጥብ እያለ በጣቶቿ ስታለሰልሰው የቀሩ።

ከቁፋሮ የመጣች አይደለችም። እናቴ ቤት፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ባለፈው ሳምንት የተሰበረ ድስት ናት። ግን እስቲ ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከአፈር ውስጥ አወጣት እንበል። ስለ እኛ ምን ይረዳል? ማን እንደነበርንስ ያውቃል?

[ምስል፦ የሐርላ መንደር፣ ትላልቅ የተጠረቡ ድንጋዮች]

ለዚህ ጥያቄ ከሐርላ የተሻለ ቦታ የለም። ከድሬዳዋ ብዙም አይርቅም። የመንደሩ ሰዎች ድንጋዮቹ እንዲህ ግዙፍ በመሆናቸው፣ ጥንት እዚህ የኖሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ሲሉ ኖረዋል። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፈረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲነገር ዓለም ጆሮውን ሰጠ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ። የጌጣጌጥ ሥራ ቅሪት። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች። ከየመንና ከቻይና ድረስ የመጡ የሸክላ ስባሪዎች።

አቦ፣ ቻይና! ከባሕር በዚህ ርቀት፣ ተራራ ሥር! እኔም ስሰማ ልቤ ዘለለ።

ግን ቆይቼ ሳስበው፣ ወሬው ሁሉ ከሩቅ ስለመጣው ነው። ከቻይና የመጣ ሳህን ሐርላ ከማን ጋር እንደነገደች ይነግረናል። ሐርላዎች ራሳቸው ማን እንደነበሩ ለማወቅ ግን እኔ ወደዚያ ወደማያብለጨልጨው፣ ጥላሸት ወደለበሰው የቤት ማሰሮ እሄዳለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ሳህን ይገዛል። የእጅ ልማድ ግን አይገዛም። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። መዘውር የላቸውም፤ በእጅ ነው። ጭቃው ውስጥ ምን ያህል አሸዋ እንደሚገባ፣ ከታች ይጀመር ወይስ ከአፉ፣ ግድግዳው በምን ያህል ይሳሳ፣ ልጅ ይህን የምትማረው እናቷ ወይም አክስቷ ጎን ተቀምጣ ነው። የማሰሮን ጌጥ ገበያ ላይ አይቶ መኮረጅ ይቻላል። ማሰሮው ካለቀ በኋላ ግን ሲሠራ የነበረው እጅ እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር ማንም በዓይኑ አያይም። ስለዚህ አይኮረጅም። ልክ እንደ አነጋገር ቅላጼ ነው። ሰው አዲስ ቋንቋ ይለምዳል፤ ቅላጼው ግን አብሮት ይቀራል።

[ምስል፦ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ የሸክላ ቁራጭ፣ ባለ ብዙ ቀለም ቅንጣቶች]

ይህን ስውር ነገር አውጥቶ ለማየት ደግሞ ዘዴ አለ። ገሏ ትቆረጥና 0.03 ሚሊ ሜትር እስክትሆን ድረስ ትሳሳለች። ያኔ ብርሃን ያልፍባታል። ውስጧ ያሉት የማዕድን ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፤ በአካባቢው ካለው አፈርና ድንጋይ ጋር ይነጻጸራሉ። ጭቃው ከዚሁ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ? ሌላም አለ። የሚያብለጨልጭ ልባስ የሌለው ሸክላ ስብ ወደ ውስጡ ይስባል። የስቡ ርዝራዥ ከሺህ ዓመታት በኋላም ሊገኝ ይችላል፤ ወተት ይሁን ሥጋ ይለያል። እንጨት ይበሰብሳል፣ ወርቅ ቀልጦ ሌላ ጌጥ ይሆናል፣ የተሰበረ ማሰሮ ግን ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ወድቆ ይቆየናል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ፤ እኛ አካባቢ «ሐርላ የማን አባት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሸክላ መታወቂያ አይደለም። ከ100 ዓመት በፊት ጉስታፍ ኮሲና የተባለ ጀርመናዊ አንድ ዓይነት ሸክላ ማለት አንድ ሕዝብ ማለት ነው ብሎ ነበር። ናዚዎች ይህን ሐሳብ የሰው አገር ለመመኘት ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የ400 ጥንታዊ አውሮፓውያን ዲኤንኤ ታየ። ጥያቄው ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ ስለተስፋፋ የደወል ቅርጽ ያለው የሸክላ ዋንጫ ነበር፦ የተስፋፋው ሰዎች ይዘውት ስለፈለሱ ነው ወይስ ነባሮቹ ስለኮረጁት? እንግሊዝ ውስጥ ዋንጫው ከአዲስ ሰዎች ጋር ነው የገባው፤ ከነባሩ ዘር 90 በመቶ ያህሉ ተተካ። ስፔንና ፖርቱጋል ግን በዋንጫው የጠጡት በአብዛኛው የዚያው ሰዎች ነበሩ። አንድ ዓይነት ሸክላ፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ።

[ምስል፦ ቀፊራ ገበያ]

ሩቅ መሄድ ግን ለምን ያስፈልጋል? ቀፊራ ኑ። አንዲት እናት ከገጠር ጀበና ታመጣለች። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ ሐረሪውም፣ ጉራጌውም ይገዛል። አንዱ ቤት ቡና ይፈላበታል። ሌላው ቤት ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠሉ። ጀበናው ሲሰበር የአምስቱም ቤት ገል አንድ ዓይነት ነው። ቆፋሪው «እዚህ አንድ ሕዝብ ኖረ» ካለ ተሳሳተ። «እዚህ ሰዎች አንድ ገበያ ተጋሩ» ካለ ግን እውነቱን ያዘ። ሐርላንም እንዲህ ብናያት ደስ ይለኛል።

[ምስል፦ የመጀመሪያዋ ገል፣ ከሰል ተደርጎባት]

እናቴ ገሏን አስመልሳኛለች። እጣን ልታጨስባት ነው። ፍሙ ሲቀመጥባት ውስጧም መጥቆር ጀመረ። የጣት ዱካዎቹ ግን አሁንም ይታያሉ።