መግቢያው በአስፋልቱ በኩል ይሁን፦ በከዚራ ነዋሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ ከቀበሌ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ወበቅ መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡና ላፈሉልን እናቶችም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ዘንድሮ የሠራነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የመንገድ መብራት አስጠግነናል። ክረምት ሳይገባ ቦዩን አስጠርገናል። የሌሊት ጥበቃዎቹ ደሞዝ አንድም ወር አልዘገየም። እኮራባችኋለሁ። ዝርዝሩን ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡታል።

እኔ የማወራው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነገር ነው። ማዕዘኑ ላይ ባለው ባዶ ግቢ ሕንፃ ሊሠራ ታስቧል። ታች ሱቅ፣ ላይ ሆቴልና ቢሮ። የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ፕላኑ ላይ የተሳለው ግን በአስፋልቱ በኩል አይደለም። በእኛ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በኩል ነው።

ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ለባቡር ሠራተኞች ተብሎ የተቀየሰ ሰፈር ነው። የዛፎቹን ጥላ ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ። ግን በእኛ መንገድ ግራና ቀኝ ባጃጅ ከቆመ፣ መሀል የሚያልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው።

የግንቦቱን አትረሱትም። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ መሀል መንገድ ቆሞ ያራግፋል። ምጥ የያዛት ጎረቤታችን ያለችበት ባጃጅ ከኋላው ተገተረ። ባለባጃጁ ክላክስ ቢያስጮህ ማን ይስማው? እህቷና እኔ ደግፈናት እስከ አስፋልቱ በእግሯ ሄደች። በየዛፉ ሥር እየቆመች፣ ግንዱን ይዛ እያማጠች። ተመስገን፣ በሰላም ተገላግላለች። ይህን ያደረገው አንድ አይሱዙ ነው። ሕንፃው ሲያልቅ በየቀኑ ነው የሚራገፈው።

ክረምት ላይ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ፣ ሲደርቅ አሸዋውን የሚያቋርጠው ሁሉ ወደ ድልድዮቹ ይዞራል። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ አቋራጭ ፍለጋ በማን በር እንደሚያልፍ ታውቁታላችሁ።

ፀረ ልማት ናቸው እያሉ ያሙናል። ያማል፣ እውነትም አይደለም። ሕንፃው ይሠራ፣ ልጆቻችን ሥራ ያግኙበት። እኛ ያልነው መግቢያው ወደ አስፋልቱ ይዙር፣ ዕቃ የሚራገፈውም እዚያው ግቢው ውስጥ ይሁን ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ነዋሪው በፕላን ሥራ እንዲሳተፍ ይላል። እኛም ለውይይት ተጠርተን ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ስንት ሰው መጣ? ዘጠኝ! በየበርጫው ስለዚህ መንገድ የማያወራ የለም። አቦ፣ እዚያ ያላችሁትን እዚህ መጥታችሁ ብትሉት ምን ነበረበት? «ሰፈሩ ተጨንቋል» ስል ባለሙያው ባዶ ወንበሮቹን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። አፈርኩ።

ሦስት ወጣቶቻችን ግን ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጥጉ ላይ ቆመው ቆጥረዋል። ለባጃጅ አንድ ጭረት፣ ለአይሱዙ ክብ። ደብተሩ ይኸው እጄ ላይ ነው። ላብ ያረጠበው ገጽ ሁሉ አለበት። እናንተ ልጆች፣ ተባረኩ።

ዛሬም ያልመጣችሁ አላችሁ። ማዕዘኑ ላይ ቤት ያላችሁ፣ አቧራውም ጩኸቱም መጀመሪያ የሚገባው በእናንተ መስኮት ነው። ቤታችሁን ለሱቅ ልታከራዩ ያሰባችሁ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፣ ኑሮ ነው። ግን መጥታችሁ ፊት ለፊት ንገሩን። ዝምታችሁ ነው የጎዳን።

ቀጣዩ ውይይት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደብተሩን በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከጎኑ የፊርማ ወረቀት አለ። ስትወጡ ፈርሙ። አንድ አንድ ወረቀት ደግሞ ላልመጣው ጎረቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሩን አንኳኩታችሁ በእጁ ስጡት።

አሁን ሒሳብ ሹማችን ሪፖርታቸውን ያቅርቡ። ጉባኤው ተከፍቷል።