ቻርጀሩን ከመክሰሳችሁ በፊት፦ የአሮጌ ጎልፍ ካርት ባትሪ ፍተሻ

(ምስል፦ ጋራዥ ውስጥ። መቀመጫው ተነስቷል፣ ካሜራው ስድስቱን ባትሪዎች ከላይ ያሳያል።)

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ይቺን አሮጊት ነው የምናክማት። ኢዚጎ የሚባል ኩባንያ የሠራት ጎልፍ ካርት ናት፣ ባለ 36 ቮልት፣ የ1990ዎቹ ሥራ። መቀመጫዋ በቴፕ ተጣብቋል፣ ጎኗን ልጆቼ በስቲከር ሞልተውታል፣ ግን ትሄዳለች። ማለቴ፣ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቻት ገባሁ፣ ጠዋት ስመጣ እንደተውኳት ናት። ቻርጀሩ ድምፅ የለው፣ መርፌው አይነቃነቅ፣ ጭጭ።

የት እንዳለን ለማታውቁ፣ ጆርጂያ ነን። ከአትላንታ በስተደቡብ ፒችትሪ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች፣ ከ90 ማይል በላይ የካርት መንገድ ያላት። እዚያ ሰው ጎልፍ ዱላ ነክቶ ባያውቅም ካርት አለው፤ ወተት የሚገዛውም፣ ልጁን የሚያመላልሰውም በሷ ነው። ኢዚጎም፣ ሌላው ካርት ሠሪ ክለብ ካርም መሠረታቸው እዚሁ ጆርጂያ ኦገስታ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አሮጌ ካርት እንደ ልብ ይገኛል። አበሻውም በርካሽ ያገኛትን ጭኖ ያመጣል፣ ከዚያ ባትሪ ላይ ያለቅሳል። እኔም አንዱ ነኝ።

ታዲያ ያን ጠዋት ምን አደረግኩ? ቻርጀሩ ሞቷል ብዬ ፈረድኩበት። አዲስ ገዛሁ። ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ለባለቤቴ ትክክለኛውን ቁጥር አልነገርኳትም። ሰካሁት። አዲሱም ጭጭ። መልቲሜትር ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው፣ ከሁሉ በፊት ማንሳት የነበረብኝን ቮልት የሚለካ የ20 ዶላር ዕቃ።

(ምስል፦ የድሮው ቻርጀር ከነመርፌው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ አሮጌ አውቶማቲክ ቻርጀሮች ግድግዳው ላይ ስለተሰኩ ብቻ አይነሱም። ውስጣቸው ሪሌይ የሚባል ማብሪያ አለ፣ እሱን ስቦ "ጠቅ" የሚያደርገው ኃይል ደግሞ የሚመጣው ከካርቱ ባትሪ ነው። ባትሪው በጣም ከወረደ ሪሌዩን የሚስብ አቅም የለውም፣ ሪሌዩ ካልተሳበ ቻርጀሩ አይነሳም፣ ቻርጀሩ ካልተነሳ ባትሪው አይሞላም። ረሃብ ጠንቶበት ጉርሻ ለመቀበል አፉን መክፈት እንዳቃተው ሰው በሉት። ቻርጀሩ ጤነኛ ነው፣ እናንተ ግን የምታዩት ዝም ያለ ቻርጀር ነው።

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ቀለበታችሁንና ሰዓታችሁን አውልቁ። ቀልድ አይደለም፤ መፍቻ ወይ ቀለበት ሁለት ጫፍ ካገናኘ በሰከንድ ውስጥ ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ አሲድ ነው። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ የጋራዡን በር ክፈቱት። ጋራዥ ውስጥ ቡና የምታፈሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ጭሱ የቤቱን አላርም እንዳያስጮህ ብላችሁ። ካርቱ ቻርጅ ላይ ካለ ከሰሉም ዕጣኑም ውጭ ይሁን።

(ምስል፦ የመልቲሜትሩ ቀይና ጥቁር ገመድ በባትሪዎቹ ላይ ሲያርፍ።)

እሺ። የኔዋ ስድስት ባትሪ አላት፣ እያንዳንዱ 6 ቮልት፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ ጋር እየተያያዘ ሄዶ 36 ይሆናል። መጀመሪያ አጠቃላዩን ለኩ፣ ከመጀመሪያው ባትሪ ፖዘቲቭ እስከ መጨረሻው ኔጋቲቭ። ሙሉ ከሆነና ቢያንስ 6 ሰዓት ካረፈ 38.2 አካባቢ ማንበብ አለበት። 36.3 አካባቢ ካያችሁ ግማሽ ላይ ነው። አዎ፣ "36 ቮልት" የተባለው ካርት 36 ሲያነብ ከግማሽ በታች ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ 35 ከወረደ ባዶ ሊሆን ነው። የኔ ያን ጠዋት 24 ነበር።

እንግዲህ 24 ቮልት ላይ ሆኖ ምን ቻርጀር ይነሳል?

ቀጥሎ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። በጭንቅላት አትያዙት፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ይጠፋችኋል። ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባለ 6 ባትሪ 6.37 ገደማ ያነባል። ውስጡ ሦስት ክፍል አለ፣ እያንዳንዱ 2 ቮልት ትንሽ ፈቅ ይላል። ስለዚህ አምስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ ብቻ 4 ቮልት ላይ ቁጭ ካለ፣ ያ ባትሪ አንድ ክፍሉ ሞቷል። ስድስቱም እኩል ከወረዱ ግን አትደንግጡ፣ ምናልባት ቁልፍ ሳይዘጋ አድሮ ነው፣ ወይ ክረምቱን ሙሉ ረስታችኋት ነው።

(ምስል፦ የመኪና ባትሪ ቻርጀር ከሁለት ባትሪዎች ጋር ሲያያዝ።)

የወረደውን ለመቀስቀስ ተራ የመኪና ቻርጀር ይበቃል። ሁለት ጎረቤት ባትሪዎች በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ ሁለት 6 ማለት አንድ 12 ነው። የካርቱ ቁልፍ ይጠፋ፣ የካርቱ ቻርጀር ይነቀል። ቀዩን ከአንደኛው ባትሪ ነጻ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከሁለተኛው ነጻ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ፣ መጠኑን ዝቅ አድርጉት፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ስጡት። ሦስት ጥንድ፣ ሦስት ዙር ማለት ነው። አዲሶቹ ስማርት የሚባሉ የመኪና ቻርጀሮች ባትሪው ከሞተ እነሱም እንቢ ይላሉ፣ እዚህ ላይ የድሮው ደደብ ቻርጀር ይሻላል። ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ አንድ አይጠፋም። ከዚያ የካርቱን ቻርጀር ስኩ።

"ጠቅ" አለ? ቀጥሎ ወፍራም "ኡኡኡም" የሚል የትራንስፎርመር ድምፅ መጣ? እልል በሉ፣ ቻርጀራችሁ ደህና ነው።

አሁን መርፌውን ተመልከቱ፣ መርፌው ብዙ ያወራል። ባዶ ባትሪ ላይ ከ15 እስከ 20 አምፒር አካባቢ ይነሳና በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ከ5 በታች ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ አድሮም ከፍ ብሎ ከቀረ አንድ ባትሪ ውስጥ ችግር አለ፣ ያ የሞተ ክፍል ጠቅላላው ቮልት እንዳይሞላ ስለሚይዘው ቻርጀሩ አለቀ ብሎ ማቆም አይችልም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዘጭ ካለና ካርቱ ሁለት ቅያስ ሄዶ ከቆመ ደግሞ ባትሪዎቹ ጠንክረዋል፤ ውስጣቸው ያለውን የእርሳስ ሳህን፣ ፕሌት የሚባለውን፣ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ሸፍኖታል፣ የሚቀበሉት ትንሽ ነው፣ የሚሰጡትም ትንሽ ነው።

ድምፁ አለ፣ መርፌው ግን ዜሮ? ፊውዙን እዩ፣ ዳዮዱም፣ ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ሊሆን ይችላል። ገና ሲሰካ ፊውዝ የሚበላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ዳዮድ ነው። ግን ስሙኝ፣ የቻርጀሩን ክዳን መክፈት ለሁሉም ሰው አይደለም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከግድግዳው ተነቅሎም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ይሄን የማታውቁ ከሆነ ካቻቢቴውን አስቀምጡና ለሚያውቅ ስጡት።

ባትሪው ደህና ሆኖ ቻርጀሩ ዝም ካለስ? ካርቱ ላይ ያለውን መሰኪያ ለኩት። ባትሪው ላይ 37 እያለ መሰኪያው ላይ ምንም ከሌለ መንገድ ላይ የተበጠሰ ገመድ ወይ የተቃጠለ ፊውዝ አለ። መሰኪያው ውስጥ የጠቆረ፣ የቀለጠ ነገር ካያችሁም ምክንያቱን አገኛችሁት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የግድግዳው ሶኬት ይሆናል፣ አትሳቁ፣ ስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ አረጋግጡ።

ክለብ ካር ላላችሁ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ከ1995 ጀምሮ ከመጡት ባለ 48 ቮልቶች ብዙዎቹ ካርቱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አላቸው፣ ቻርጀሩን አብሪ አጥፊ የምትለው እሷ ናት። እሷ ስትደናገር ቻርጀሩም ባትሪውም ጤነኛ ሆኖ ምንም አይነሳም። ዋናውን ኔጋቲቭ ገመድ ከባትሪው ፍቱት፣ ቁልፉን አብርታችሁ ማርሹን አስገቡ፣ ፔዳሉን ለጥቂት ደቂቃ ረግጣችሁ ያዙ፣ ውስጧ የቀረው ኃይል ይለቅ። ከዚያ መልሳችሁ እሰሩና ሞክሩ።

(ምስል፦ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የያዘ የባትሪ ጫፍ፤ በብሩሽ ሲታጠብ።)

ይሄን አረንጓዴ ነገር አያችሁት? ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አሟሙታችሁ አፍስሱበት፣ ይፈላል፣ ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። ውሃው ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ክዳኑ ይዘጋ። ትንሽ ነድታችሁ ገመዶቹን በእጅ ጀርባ ጠጋ እያላችሁ ዳስሱ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ እሱ ነው ላላ ያለው ወይ ውስጡ የተበላው።

ውሃ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ባትሪውን በፍቅር ይገድላል። የቧንቧ ውሃ አይገባም፣ ዲስትልድ የሚባለውን ከሱፐርማርኬት ግዙ። አሲድ በጭራሽ አትጨምሩ፣ ውሃ ብቻ ነው የሚተነው። የሚሞላውም ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ይላል፣ ቀድማችሁ ጢም ካደረጋችሁት ገንፍሎ አሲዱ መሬት ላይ ይፈሳል። ፕሌቱ ራቁቱን ከሆነ ብቻ፣ ለመሸፈን ያህል ጨምሩ፣ ቻርጅ አድርጉ፣ ከዚያ ሙሉት።

አሁን ወደኔ ጉድ ልመለስ። ስድስቱም ሞልተው አደሩ፣ ጠዋት ሁሉም 6.3 አካባቢ አነበቡ። ደስ አለኝ። ነዳኋት፣ ዳገቱ ላይ ሞተች። እረፍት ላይ ቮልት ማንበብ የማይነግራችሁ ይሄን ነው፣ ደካማ ባትሪ ቁጭ ሲል ሙሉ ይመስላል፣ ሸክም ሲያገኘው ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ ልጄ ዳገቱን ስትነዳ እኔ ከጎን ተቀምጬ መልቲሜትሩን በየተራ አሰርኩ። አምስቱ ከ5.7 በታች አልወረዱም። አራተኛው 4.1 ገባ። ተያዘ።

ሃይድሮሜትር፣ የባትሪውን አሲድ ውፍረት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካው መሣሪያ፣ ካላችሁ ያንኑ በሌላ መንገድ ያሳያችኋል። ሙሉ ክፍል 1.265 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ያነባል፣ በአንድ ባትሪ ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ ያ ክፍል አልቆለታል።

አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል ወይ ትላላችሁ። ዕድሜው ይወስነዋል። ብዙ ባትሪ ላይ ጫፉ ወይ ጎኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ተመትቷል፣ ፊደሉ ወር ነው፣ ኤ ማለት ጃንዋሪ፣ ቁጥሩ የዓመቱ መጨረሻ። አንድ ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑ አንዱን ቀይሩ። አምስት ዓመት ካለፋቸው አዲሱን ከሽማግሌዎች ጋር ማሰር እሱንም ቶሎ ማስረጀት ነው፣ ወይ ስድስቱን ቀይሩ፣ ወይ እንደኔ በዕድሜ የሚቀራረበውን ያገለገለ ፈልጉ። እኔ አንድ ያገለገለ በ40 ዶላር አገኘሁ፣ ከመክፈሌ በፊት እዚያው ለካሁት። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እናያለን፣ ሌሎቹም ወጣት አይደሉም።

(ምስል፦ ካርቷ ዳገቱን ስትወጣ፤ ከኋላ ሁለት ልጆች።)

አዲሱ ቻርጀርስ? ሻጩ ሳጥኑ ተከፍቷል ብሎ አልመልስም አለኝ። ያው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ባለ 36፣ ለኢዚጎ። ቻርጀሩ በእርግጥ የሞተበት ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ግን መጀመሪያ የስድስቱን ባትሪ ቮልት ጽፎ ይላክ።