ሥራን መውደድና በሥራ መዛል

ሕይወት፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን ሥራቸውን ከልባቸው እየወደዱ በዚያው ሥራ ስለሚዝሉ ሰዎች ነው። ዳዊት፣ ብዙ ሰው ሥራውን የሚወድ አይዝልም ብሎ ያምናል፤ አንተ ግን በዚህ አትስማማም።

ዳዊት፦ አልስማማም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ በርንአውት ስለሚባለው በሥራ መዛል ሲጽፉ መነሻቸው ነጻ ሕክምና በሚሰጡ ክሊኒኮች የሚያገለግሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው በዓላማው አምነው የገቡ ናቸው፤ ይበልጥ ለመዛል የተጋለጡትም ራሳቸውን ሳይሰስቱ የሰጡት ነበሩ።

ሕይወት፦ ድካምና መዛልም አንድ አይደሉም፤ የደከመ ሰው ሲያርፍ ይበረታል። ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ክርስቲና ማስላክ ሦስት ገጽታዎችን ይጠቅሳሉ፤ እነርሱም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት ናቸው። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ታካሚዎቿን በስማቸው ትጠራ የነበረች ነርስ «አልጋ ቁጥር 6» ማለት ስትጀምር፣ በተማሪዎቹ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ አስተያየቱን ይጽፍ የነበረ መምህር ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሲያልፍ፣ ሰዎች ሰነፉ ይሏቸዋል። በእኔ እምነት ግን ይህ ስንፍና ሳይሆን የተጎዳ ሰው ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው።

ዳዊት፦ ፍቅሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ሰው ለሚወደው ተግባር ያለውን ፍቅር በሁለት ለይተዋል፤ ይህም ለሥራ ፍቅር ይሠራል። አንደኛው ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚሠራበት፣ ከቀረው ሕይወቱ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰውየውን ራሱን የሚነዳው፣ ክብሩንና ዋጋውን በሥራው ውጤት ላይ ያንጠለጠለበት ፍቅር ነው። ሁለተኛው የያዘው ሰው ዕረፍት ሲወጣ እንኳ ጥፋት የሠራ ያህል ይከብደዋል፤ ሰውነቱ ቤት ቢገባም ሐሳቡ ከሥራ ቦታው አይመለስም።

ሕይወት፦ ይህ እውነት ቢሆንም ሸክሙን ሁሉ በግለሰቡ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን የገለጸው በበሽታነት ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። የሦስት ሰው ሥራ ለተሸከመ ሠራተኛ ስለ አተነፋፈስ ሥልጠና ሰጥቶ ሥራውን እንደነበረ መተው በደል ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። በሐኪሞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከሥራ ጊዜያቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ከሁሉ በላይ ትርጉም ለሚሰጣቸው ተግባር የሚያውሉት ከሌሎቹ ይልቅ በመዛል የሚጠቁት በእጅጉ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በአምስት የሥራ ቀናት ሲሰላ አንድ ቀን ማለት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ተሾመ ተብሎ ስብሰባና ሪፖርት ብቻ ሲሰጠው የሚነጠቀው ይኸው አንድ ቀን ነው።

ሕይወት፦ እንግዲያው አለቃ ዘንድ ሲቀርቡ «ደክሞኛል» ብሎ ከማቆም ይልቅ የትኛው ተግባር እንዲመለስ፣ በምትኩም የትኛው ሪፖርት ወይም ስብሰባ ለሌላ ሰው እንዲተላለፍ እንደሚፈልጉ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል፤ አለቃውም ሊወስንበት የሚችል ነገር በእጁ ይገባል።