ለሽሮ ብዬ ጅብ ጠራሁ

እንደምን አመሻችሁ። ድምፄ ዝቅ ያለው ልጆቹ አሁን ገና ስለተኙ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የምቀዳው። ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። የአገሬ ሰው የቀረውን ይሙላበት። ለማታውቁን ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው ያለነው፤ ከፍታችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ወቅት ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ እናገኛለን።

ቆይ... ሰማችሁት?

እሱ ነው። ጅቡ። ስልኬ ድምፁን ከያዘው እሰየው፣ ምክንያቱም ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ነው። ያሰብኩት ስለ ትንንሽ ልጆች አመል ለማውራት ነበር። አልበላም ማለት፣ አልለብስም ማለት፣ መሬት ላይ መንከባለል፣ ይሄ ሁሉ። ደብተሬ ላይ ዘርዝሬ ጽፌም ነበር። ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ ጅቡ ጋ ሄደብኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ትማራለች። ትንሹ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሲያድጉ ይከሱኛል። ትንሹን ቤት ውስጥ አባዬ ነው የምለው፤ እዚህም አባዬ ይሁን።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል። ከሥራ ደክሞኝ ገብቻለሁ። እራት ሽሮ ነው። አባዬ አንድ ጉርሻ ጉንጩ ውስጥ ቋጥሮ ተቀምጧል። አያኝክም፣ አይውጥም፣ አይተፋም። ዝም ብሎ ሻማውን ያያል። እናቶች ይሄን ጉንጭ ታውቁታላችሁ። ለመንኩት። አቆላመጥኩት። ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች። ልክ በዛች ሰዓት ጅቡ ከሩቅ ጮኸ። እኔ አላሰብኩበትም፣ አፌ ነው የቀደመኝ። "ሰማህ? ካልበላህ መጥቶ ይበላሃል!" አልኩት።

ዋጠ። ቀጥሎ ያለውንም ዋጠ። ሳህኑ ጸዳ። እኔ ደግሞ፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። እያንጎራጎርኩ ነው ዕቃ ያጠብኩት።

ሽንት ቤታችን ውጪ ነው። ከበሩ እስከዛ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አባዬ ከክረምት ጀምሮ ማታ ማታ ይቀሰቅሰኝ ነበር። "እማዬ፣ ሽንቴ" ይላል፣ ጋቢ አልብሼው እንወጣለን፣ እንመለሳለን። ከዛች ሽሮ በኋላ መቀስቀሱን ተወ። ፍራሹ ረጠበ። በማግስቱም ረጠበ። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ደግነቱ ፀሐዩ ያደርቃል፤ ችግሩ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። እኔም አፍሬ ልጁን አሳፈርኩት። "ትልቅ ልጅ አይደለህም እንዴ? እህትህ ትስቅብሃለች" አልኩት።

አንድ ሌሊት ቀድሜ ነቃሁ። እሱም ነቅቷል። እግሩን አጣምሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያውን ያያል። "ሽንት ነው? ና እንውጣ" ስለው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከዛ ጆሮዬ ሥር፣ በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ ሽሮዬን ጨርሻለሁ እኮ። ለጅቡ ንገሪው" አለኝ።

እኔ እኮ ረስቼዋለሁ። እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጅቡ ጋር ነው ያደረው።

የሦስት ዓመት ልጅ በወሬ የሰማውንና በእውን ያለውን ገና በደንብ አይለይም። እኛ ማስፈራሪያ የምንለው ለእሱ ዜና ነው። "መጥቶ ይበላሃል" ስለው "ነገ ይዘንባል" እንዳልኩት ነው የሰማው። ፍራሽ ማርጠቡ በራሱ በዚህ ዕድሜ ብርቅ አይደለም። ከ100 የአምስት ዓመት ልጆች እንኳን 15 ያህሉ ሌሊት ያመልጣቸዋል። ሲሸና የሚያመው ወይም ውሃ አልጠግብ የሚል ልጅ ከሆነ ሐኪም ይየው። የእኛ ቤት በሽታ ግን እኔ ነበርኩ።

እናቴ ሰሞኑን እኛ ጋ ናት። የመንዝ ሰው ናት፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው ያደገችው። ነገሩን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። "አንቺም እኮ እኛን በጅብ ነው ያሳደግሽን" አልኳት፣ ጥፋቱን ለማካፈል ያህል። የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አቆመች። "ልጄ፣ እኛ ጅብ ያልነው ለጅብ ነበር እንጂ ለሽሮ አልነበረም" አለችኝ።

እሷ ባደገችበት አገር ሲመሽ ጅብ አጥር ሥር ይመጣል። ጠቦት ፍለጋ የወጣ ልጅ ላይመለስ ይችላል። "ሲመሽ ከአጥር አትውጡ፣ ጅብ አለ" እውነት ነው። ልጁ ያምናል፣ ይተርፋል፤ የተናገረውም ሰው አልዋሸም። እኔ ያንኑ ጅብ ወስጄ የጉርሻ ማወራረጃ አደረግኩት። ብዙ ጊዜ "የድሮ ሰው በማስፈራራት ነው ያሳደገን" ስንል እንሰማለን። እኔም ስል ነበር። አሁን እንደዛ ለማለት አፌ ይይዘኛል።

ከዛን ቀን ወዲህ አፌን መታዘብ ጀመርኩ። በቀን ስንት የማላደርገውን ነገር እንደምናገር ብታውቁ! ደግሞ ልጆቹ ወይ ያምኑኛል፣ ወይ ነቅተውብኛል። መሃል የለም።

ትልቋ ነቅታብኛለች። አንድ ቀን ባጃጅ ተራው አጠገብ "አልሄድም" ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እንግዲያው ጥዬሽ ሄድኩ!" ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ዘወር ስል እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች። "እሺ ሂጂ። ስትመለሺ ብስኩት አምጪልኝ" አለች። ባጃጅ ነጂው ሳቁ ገደለው። እኔም እንደ ጅል ተመለስኩ።

"ስልኩ ቻርጅ ጨርሷል" የምትለዋ ውሸቴም አልቃለች። አባዬ ራሱ ቻርጀሩን ይዞልኝ ይመጣል። አሁን "ለዛሬ በቃ፣ ነገ ትንሽ ታያለህ" እላለሁ። ያለቅሳል። ያልቅስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ነው የሚለው፤ ስለዚህ ልከለክል ከሆነ ባትሪውን ምን አስዋሸኝ?

የመርፌዋ ግን ታሳዝነኛለች። "ካልተኛህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል።" ይሄን በየቤቱ የማይል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከዛ ልጁ ትኩሳት ይይዘውና ጤና ጣቢያ ትወስዱታላችሁ። ነጭ ጋዋን ሲያይ በሩ ላይ ይጮሃል። ደረቱን ማዳመጥ እንኳን አልተቻለም። ነርሷ "ምን ሆኖ ነው?" ስትለኝ እኔ "እንጃ፣ ፈሪ ነው" አልኩ። ፈሪ ያደረገውን ሰው ሳልናገር። አሁን ክትባት ካለ እንደሚያም እነግረዋለሁ። "ትንሽ ያምሃል፣ እስከ ሦስት እንቆጥራለን፣ ያልቃል።"

ሌላው ተደብቆ መውጣት ነው። ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል አባዬ ያለቅሳል። ሰው ሁሉ "ሲዘናጋ ሹልክ በይ" ይመክራል፤ እኔም ለወራት በጓሮ በር ስሾልክ ኖሬያለሁ። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ወጥ ቤት ስገባ እንኳን ቀሚሴን ይዞ የሚከተል ልጅ። ልክ ነው እኮ፣ ይቺ ሴትዮ ዓይን ሲነቀል የምትጠፋ ናት! አሁን ፊት ለፊት እስመዋለሁ፤ "ከቡና በኋላ እመጣለሁ" እላለሁ፣ እወጣለሁ። ሰዓት ስለማያውቅ ነው በቡና የምነግረው። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶው ከአጥሩ ውጪ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። አሁን በመስኮት ቻው ይለኛል። አንዳንዴ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።

"አይሆንም" የምትለው ቃልም ከዚህ ወገን ናት። ሱቅ በር ላይ ብስኩት ይጠይቃል። አይሆንም እላለሁ። መሬት ላይ ይንከባለላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አሳዳጊ ይሆናል። "ኧረ ስጪው፣ ልጁ ሲፈርስ ዝም ትያለሽ?" አንዷ ንፍጡን በነጠላዋ ትጠርግለታለች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባል የለ፤ የኛ ከተማ ብርድ ደግሞ ንፍጡን አያሳጣን። እኔ አፍሬ እገዛለታለሁ። ታዲያ ምን አስተማርኩት? አይሆንም ማለት "ትንሽ ጨምረህ አልቅስ" ማለት እንደሆነ ነው። አንዳንዴ እየከለከሉ አንዳንዴ መስጠት ደግሞ ሁልጊዜ ከመስጠትም ይብሳል። ሎተሪን አስቡት። ሰው የማይተወው አንዳንዴ ስለሚወጣ ነው።

መስጠቱን ስተው መጀመሪያ ባሰበት። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ለቅሶው ከመቀነሱ በፊት ይጨምራል፤ ልጁ "ምናልባት ዛሬ ሳይሰማት ቀርቶ ይሆናል" ብሎ ነው። እኛ ጋ አምስት ቀን ፈጀ። በዛ ሰዓት ምክር አይገባውም። ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ነው፤ የእሱ ገና ሊጥ ነው። አጠገቡ ቁጢጥ እላለሁ፣ "ብስኩት አማረህ። ተናደድክ። ዛሬ አንገዛም" እላለሁ፣ ከዛ ዝም። ቡና የሚጠጡት ሰዎች ያዩኛል። ይዩኝ።

"ካልመታሽ፣ ካላስፈራራሽ እንዴት ልታሳድጊው ነው?" የሚለኝ አለ። በቁንጥጫ ነው ያደግነው፤ በርበሬ የታጠነም አለ። እኔም ቆንጥጫለሁ፣ አልክድም። ግን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት እንዳይደርስበት መብት ሰጥቶታል። ለመምህሯ ያልተፈቀደ ነገር ቤት ስገባ ለእኔ የሚፈቀድበት ምክንያት አልታይ ብሎኛል።

የሹራብ ነገር ደግሞ ያስቃል። በዚህ ውርጭ ጠዋት ጠዋት "ሹራብ እንልበስ አባዬ?" እላለሁ። "አንልበስ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ጠየቅኩት፣ መለሰ። እኔ እኮ እየጠየቅኩት አልነበረም። አሁን "ሹራብ እንለብሳለን። ቀዩን ነው አረንጓዴውን?" ነው የምለው። አብዛኛውን ቀን ቀዩን ይላል። አንዳንድ ቀን "ቁምጣ" ይላል።

ወደ ጅቡ ልመለስ። ያን ሌሊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኩት። "አባዬ፣ እማዬ ውሸት ነው የነገረችህ። ጅብ ስለ ሽሮ ምንም አያውቅም" አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ "ስለ ቂንጬስ?" አለ። "ስለ ቂንጬም አያውቅም።" ከዛ እውነቱን ነገርኩት። ጅብ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አጥንትና የሞተ ከብት ነው የሚፈልገው። ጩኸቱ ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ቢመስልም ሩቅ ሊሆን ይችላል። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ይቆለፋል፤ ማታ ብቻህን አትወጣም፣ ከእኔ ጋር ነው የምትወጣው። ባትሪውን እሱ እንዲይዝ ሰጠሁት። እርምጃ እየቆጠርን ወጣን። ከሰባት በኋላ ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ "ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ምናምን" እያለ ደረስን።

በቃ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ሳምንትም ሁለት ቀን ፍራሽ አውጥቻለሁ። እናቴ ታጣጥፍልኛለች፣ ምንም አትለኝም፣ ግን—

ቆይ። መጣሁ አባዬ! እየመጣሁ ነው!

ሽንቱ ነው። ቀሰቀሰኝ እኮ፣ ራሱ ጠራኝ! ባትሪው... የት አባቱ ሄደ? እ፣ እሱ ጋ ነው፣ ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። በሉ ደህና እደሩ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ አለብን።